ስኳር ሞልቶ ናይትሮጅን ሲጎድል

በጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜ እስከ ጨንቻ፣ ከዲታ እስከ ቦንኬ፣ ጓሮው ሁሉ እንሰት ነው። በኢትዮጵያ 20 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በእንሰት እንደሚኖር ይገመታል። ዝናብ ባጠረበት ዓመት ሌላው ሰብል ሲከዳ እንሰቱ ባለበት ቆሞ ስለሚጠብቅ፣ የደጋው ሰው እምነቱን የጣለበት በምክንያት ነው። የእንሰት ሀብቱ ስታርች ነው፤ ስታርች ደግሞ እርስ በርሱ የተያያዘ ስኳር ነው። ወደ ቆላው ወርዶ የአርባ ምንጭ ዙሪያን ማሳ ለሚያይ፣ በላንቴና በጫኖ የሚለማው ሙዝም፣ በየቦታው የሚዘራው በቆሎም ከዚሁ ወገን ናቸው። ሁሉም ኃይል ይሰጣሉ፣ ሁሉም ሆድ ይሞላሉ። ከገበታው ይበልጥ የሚጎድለው ናይትሮጅን ያለበት ምግብ ማለትም ፕሮቲን፣ ከፕሮቲንም ውስጥ ሰውነታችን ራሱ ሊሠራቸው የማይችላቸው አሚኖ አሲዶች ናቸው። በሌላ በኩል ዓለም ስኳርን ለባክቴሪያ እየመገበ በየዓመቱ በሚሊዮን የሚቆጠር ቶን አሚኖ አሲድ ያመርታል። ስኳር የሞላው፣ አሚኖ አሲድ የጎደለው አካባቢ ስለዚህ ጥበብ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። መልሴን ከወዲሁ ልናገር፦ ለጋሞ ገበታ የሚበጀው ባክቴሪያ በፋብሪካ ታንክ ውስጥ ካለው ይልቅ በባቄላ ሥር ላይ የሚኖረው ነው። ለምን እንደሆነ የሚገባን ግን የታንኩን አሠራር ስናውቅ ነው።

ከአሚኖ አሲዶች እንጀምር። ሰውነታችን ጡንቻን፣ ደምን፣ ቆዳንና በሽታ ተከላካዩን ሁሉ የሚሠራው በ20 አሚኖ አሲዶች ነው። ከእነዚህ 9ኙን ራሱ መሥራት ስለማይችል ከምግብ ማግኘት አለበት። ከ9ኙ መካከል በእህል በሚኖር ሕዝብ ዘንድ ቶሎ የሚያጥረው ላይሲን ይባላል። በቆሎ ላይሲንም ትሪፕቶፋንም ያንሰዋል፤ ስንዴና ማሽላ ላይሲን ያንሳቸዋል፤ ጤፍ ከስንዴ ቢሻልም እርሱም ብቻውን አይበቃም። የጉዳዩ ክብደት ያለው አንዱ ሲያጥር ሌሎቹም ሥራ መፍታታቸው ላይ ነው። የዶርዜ ሸማኔ ለጥለቱ ከሚያስፈልጉት ቀለሞች አንዱ ክር ቢያልቅበት፣ ሌሎቹ ቢትረፈረፉም ጥለቱ እዚያው ላይ ይቆማል። ሰውነትም ላይሲን ሲያልቅበት የተቀሩትን አሚኖ አሲዶች እንደ ማገዶ ያቃጥላቸዋል እንጂ ሥጋ አያደርጋቸውም። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ የኢትዮጵያ ሕፃናት 37 በመቶዎቹ ለዕድሜያቸው ከሚገባው ቁመት በታች ሆነው ተገኝተዋል። የመቀንጨር መንስኤ ብዙ ነው፣ ተቅማጥም የውኃ ንጽሕናም አለበት፤ ሆድ እየጠገበ ገንቢ ምግብ መጉደሉ ግን ከዋናዎቹ አንዱ ነው።

አሁን እንሰቱ ተብላልቶ ቆጮ ወደሚሆንበት ጉድጓድ እንምጣ። ሴቶች ግንዱን ይፍቃሉ፣ ሥሩን ይከትፋሉ፣ የቀደመ ቆጮ እርሾ አድርገው ይቀላቅላሉ፣ በእንሰት ቅጠል ሸፍነውም አየር እንዳይገባው አድርገው ይቀብሩታል። በቆላማ ቦታ ሳምንታት ይበቃሉ፤ በደጋው ብርድ ግን ወራት ይወስዳል። የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከቤልጂየሙ የሉቨን ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር ይህንኑ በጋሞ ደጋ ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2018 አሳትመዋል። ሂደቱን የሚመሩት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች መሆናቸው ታውቋል። መጀመሪያ ሊውኮኖስቶክ የሚባሉት ይነሣሉ፤ ቡኮው እየኮመጠጠ ሲሄድ አሲድ የሚችሉት ላክቶባሲለስ የተባሉት ቦታውን ይረከባሉ። ስኳሩ ወደ ላክቲክ አሲድ ይለወጣል፣ አሲዱም ጎጂ ተሕዋስያንን ያባርራል፤ ቆጮ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሳይበላሽ የሚቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ያለ ማቀዝቀዣና ያለ ኬሚካል ምግብን ማቆያ ዘዴ በእናቶች እጅ ተጠብቆ የኖረ ትልቅ እውቀት ነው፤ ሊከበርም ይገባዋል።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ «ምግብ ሲብላላ ፕሮቲኑ ይጨምራል» ማለት አይቻልም። ምክንያቱ ከሂሳብ የመጣ ነው። ስኳር የተሠራው ከካርቦን፣ ከሃይድሮጂንና ከኦክስጅን ብቻ ነው። እያንዳንዱ አሚኖ አሲድ ደግሞ ናይትሮጅን አለበት፤ ላይሲን እንዲያውም ሁለት አለው። ጉድጓዱ ውስጥ ስኳር በብዛት አለ፣ ናይትሮጅን ግን እንሰቱ ይዞት ከገባው ጥቂት በቀር ከየትም አይጨመርም። ባክቴሪያዎቹ ያለውን ከአንዱ ቅርጽ ወደ ሌላው ሊያዛውሩት ይችላሉ፤ ከሌለ ነገር ሊያበዙት ግን አይችሉም። ቡኮው ሲጨመቅ ከሚወርደው ፈሳሽ ጋርም የተወሰነው ይሄዳል። ከዚህም በላይ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ራሳቸው አሚኖ አሲድ በመሥራት ደካሞች ናቸው፤ ተዘጋጅቶ እንዲቀርብላቸው ይፈልጋሉ። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የነበሩ የሥነ ምግብ ሳይንቲስቶች በአንድ ምግብ ውስጥ ስንት ላይሲን እንዳለ ለመለካት የሚጠቀሙበት አንዱ መሣሪያ ሊውኮኖስቶክ ሜሴንቴሮይድስ የተባለ ባክቴሪያ ነበር፤ ላይሲን ካላገኘ ስለማያድግ፣ ያደገበት መጠን የላይሲኑን መጠን ይናገራል። ቆጮን ማብላላት የሚጀምረውም የዚሁ ባክቴሪያ ወገን ነው። እንግዲህ ከዚህ ተሕዋስ ላይሲን መጠበቅ ከተበዳሪ ብድር እንደመጠየቅ ይሆናል። በ100 ግራም ቆጮ ውስጥ ያለው ፕሮቲን አብዛኛውን ጊዜ 2 ግራም የማይሞላው ጉድጓዱ ስላልሠራ አይደለም፤ የጉድጓዱ ሥራ ሌላ ስለሆነ ነው።

አሚኖ አሲድ መሥራት ሥራው የሆነ ባክቴሪያ የተገኘው በጃፓን ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 ኪኩናዬ ኢኬዳ የተባለ ኬሚስት የባሕር አረም ሾርባ ጣዕም የሚመጣው ግሉታሜት ከሚባል አሚኖ አሲድ መሆኑን አወቀ፤ በቀጣዩ ዓመት አጂኖሞቶ በሚል ስም ለገበያ ቀረበ። ያን ጊዜ የሚሠራው የስንዴ ፕሮቲን በጠንካራ አሲድ ተቀቅሎ እየተፈታ ነበር። ሌላ ምግብ ሊሆን የሚችል ስንዴ ይፈጃል፣ ውድም ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ አገሩ ገና በምግብ እጥረት ላይ ሳለ፣ ክዮዋ ሃኮ በተባለ ኩባንያ ውስጥ ሹኩዎ ኪኖሺታ የሚመራው ቡድን ተቃራኒውን ጠየቀ፦ ፕሮቲን ከማፍረስ ይልቅ ከስኳርና ከአሞኒያ አሚኖ አሲድ እየሠራ ወደ ውጭ የሚያፈስ ባክቴሪያ አይኖርም? ብዙዎች ነገሩ ከንቱ መሰላቸው፤ ሕያው ሕዋስ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ሠርቶ እንደሚያቆም ይታወቅ ነበርና። ቡድኑ ከአፈር ናሙና ላይ ፈልጎ አገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1957ም ይፋ አደረገ። ዛሬ ኮርይኔባክቴሪየም ግሉታሚከም ተብሎ ይጠራል። በየሱቁ የምንገዛው የሾርባ ኩብ ውስጥ ያለው ግሉታሜት የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው፤ የኢትዮጵያ ወጥ ቤትም ከዚህ ባክቴሪያ ሥራ እጅግ የራቀ አይደለም።

ታላቁ ጥበብ ያለው ባክቴሪያው «በቃኝ» የሚልበትን መንገድ መዝጋቱ ላይ ነው። ግሉታሜትን የሚያፈሰው ባዮቲን የተባለው ቫይታሚን ሲያንሰው ነው፤ ያን ጊዜ የሕዋሱ ቆዳ ባሕርይ ተለውጦ የሠራውን መያዝ ያቅተዋል። የላይሲኑ ይበልጥ ይገርማል። ሕዋሱ ላይሲንም ትሬዮኒን የሚባለው ወንድሙም ሲበዙለት፣ ሁለቱ ተባብረው የምርቱን የመጀመሪያ በር ይዘጋሉ። ጃፓኖቹ ትሬዮኒን ራሱ መሥራት የማይችል የተለወጠ ዘር አገኙና ትሬዮኒኑን ከውጭ በጥቂቱ ብቻ እየመጠኑ ሰጡት። በሩን ለመዝጋት ሁለቱም ስለሚያስፈልጉ፣ አንዱ ባለመኖሩ በሩ ክፍት ቀረ፤ ላይሲኑም መፍሰሱን አላቆመም። በፋብሪካ ይህ የሚሆነው በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሊትር በሚይዙ የብረት ታንኮች ውስጥ ነው። ከአገዳ ሞላሰስ ወይም ከበቆሎ ስታርች የተገኘ ስኳር ይገባል። የተጣራ አየር ያለማቋረጥ ይነፋል፤ ከቆጮው በተቃራኒ ይህ ባክቴሪያ አየር ይወዳልና። ሙቀቱ 30 ዲግሪ አካባቢ እንዲቆይ ይቀዘቅዛል፣ አሲዱንም ለማርገብ ናይትሮጅንም ለመስጠት አሞኒያ ይጨመራል። በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ በአንድ ሊትር ከ100 ግራም የሚበልጥ ላይሲን ይጠራቀማል፣ ከዚያም ተለይቶ ይደርቃል። ለ1 ቶን ላይሲን በግርድፉ 2 ቶን ያህል ስኳር ያስፈልጋል። ባክቴሪያ ስኳርን ወደ አሚኖ አሲድ ለወጠ ስንል እንግዲህ አሞኒያውን መርሳት የለብንም፤ ያለ እርሱ ታንኩም እንደ ጉድጓዱ አሲድና ጋዝ ብቻ ነው የሚያተርፈው።

ይህ ላይሲን አብዛኛው የሚሄደው ወደ ዶሮና ወደ አሳማ መኖ ነው። እኛም ዘንድ ጉዳዩ የሚነሣው በዚሁ በኩል ነው። የኢትዮጵያ መኖ አቀነባባሪ በእጁ በቀላሉ የሚያገኘው በቆሎና የኑግ ፋጉሎ ነው፤ ሁለቱም ላይሲን ያንሳቸዋል። አኩሪ አተር ይሻላል፣ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ስለዚህ ላይሲኑ ከውጭ ተገዝቶ፣ በቶን መኖ በጥቂት ኪሎ ይጨመራል። ከጋሞ በስተምዕራብ በኦሞ ሸለቆ የኩራዝ ስኳር ፋብሪካዎች አሉ፤ 10 ቶን አገዳ ሲጨመቅ ከ300 እስከ 400 ኪሎ ሞላሰስ ይተርፋል፣ ከሞላሰሱም ግማሽ ያህሉ ስኳር ነው። የፊንጫና የመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ከሞላሰስ ኤታኖል አውጥተዋል። ታዲያ ላይሲንስ ለምን አይሠራም የሚለው ጥያቄ ከባዶ የተነሣ አይደለም። እኔ ግን አሁን አይሠራም ከሚሉት ወገን ነኝ። የዓለም ገበያ ዋጋ የሚወሰነው በዓመት በመቶ ሺህ ቶን በሚያመርቱ፣ አብዛኞቹ ቻይና በሚገኙ ፋብሪካዎች ነው። ታንኩ ለአንድ ሰዓት መብራት ቢጠፋበት አየር ያጣል፣ ባክቴሪያው ይታፈናል፣ ሌላ ተሕዋስ ከገባም ሙሉው ስኳር ይደፋል። የባክቴሪያው ዘርም በየኩባንያው በምስጢር የተያዘ ነው። ገበያው በጥቂቶች እጅ ሲሆን ምን እንደሚከተል እ.ኤ.አ. በ1996 ታይቷል፦ አርቸር ዳንኤልስ ሚድላንድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከጃፓንና ከኮሪያ አምራቾች ጋር የላይሲንን ዋጋ በድብቅ በመወሰኑና በሲትሪክ አሲድም ተመሳሳይ ጥፋት በመፈጸሙ 100 ሚሊዮን ዶላር ተቀጥቷል። ትንሽ አምራች በዚህ መካከል መቆም የሚችለው የአገር ውስጥ የመኖ ገበያ ሰፍቶ ሲደግፈው ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከጤና አንጻር የሚነሣው ነው፤ በባክቴሪያ የተሠራ ነገር፣ ያውም ዘረመሉ የተለወጠ ባክቴሪያ የሠራው፣ እንዴት ይታመናል? ከባቄላ የመጣ ላይሲንና ከታንክ የመጣ ላይሲን በአካልም በሥራም አንድ ናቸው፤ ሰውነት አይለያቸውም። ሥጋቱ ግን ጨርሶ መሠረት የለውም ብሎ ማለፍ ሐቅን መሸፋፈን ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ሾዋ ዴንኮ የተባለ የጃፓን ኩባንያ በባክቴሪያ ያመረተውን ትሪፕቶፋን እንደ ተጨማሪ ምግብ የወሰዱ ሰዎች በአሜሪካ በከባድ የጡንቻና የደም ሕመም ተያዙ፤ ከ1,500 በላይ ሰዎች ታመሙ፣ ከ30 በላይ ሞቱ። ጥፋቱ ከምርቱ ጋር ከቀሩ ቆሻሻዎች ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኝቷል፤ ኩባንያው የባክቴሪያውን ዘር በለወጠበት ወቅት የማጣሪያ ከሰሉንም ቀንሶ ነበር። ከዚህ የምንማረው አደጋው በማጣራቱና በቁጥጥሩ ላይ መሆኑን ነው። ጠንካራ ቤተ ሙከራና የማይደለል ተቆጣጣሪ በሌለበት ይህን ኢንዱስትሪ ለሰው ምግብ መጀመር አይገባም።

እንግዲህ ናይትሮጅንን ከስኳር ጋር የሚያገናኝ ሌላ መንገድ አለ፣ እርሱም ጋሞ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ የሚሠራ ነው። ባቄላ ወይም አተር በጥንቃቄ ነቅለን ሥሩን ስናይ ትንንሽ ጉብታዎች አሉት። በውስጣቸው ራይዞቢየም የሚባሉ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ተክሉ በቅጠሉ ከፀሐይ የሠራውን ስኳር ወደ ሥሩ ያወርድላቸዋል፤ እነርሱ በዚያ ኃይል ከአየር ናይትሮጅን ወስደው አሞኒያ ያደርጉታል፤ ተክሉ አሞኒያውን ተቀብሎ አሚኖ አሲድ ይሠራበታል፣ በፍሬውም ያከማቸዋል። የታንኩ ሥራ ሁሉ እዚህ አለ፤ ስኳሩ፣ አሞኒያው፣ ባክቴሪያው። ልዩነቱ አሞኒያው ከውጭ በውጭ ምንዛሪ የማይገዛ መሆኑ ነው። የተመቸው ባቄላ በሄክታር ከ100 ኪሎ በላይ ናይትሮጅን ከአየር ሊያስገባ ይችላል። ጉብታው መሥራቱን ገበሬው ራሱ ማረጋገጥ ይችላል፦ በጥፍር ሲሰነጠቅ ውስጡ ሮዝ ቀለም ካለው ይሠራል፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ አይሠራም። በ100 ግራም ደረቅ ባቄላ ውስጥ ከ20 ግራም በላይ ፕሮቲን አለ፣ ላይሲኑም የበለጸገ ነው። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በቀን 10 ግራም ያህል ፕሮቲን ያስፈልገዋል። ይህን ከቆጮ ብቻ ለማግኘት ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ መብላት ሊኖርበት ነው፣ የሕፃን ሆድ አይችለውም። 50 ግራም የማይሞላ የባቄላ ዱቄት ከእንሰቱ ቡላ ገንፎ ጋር ቢገባ ግን ስሌቱ ይለወጣል።

ይህንንም የሚቃወሙ ምክንያቶች አሉ፣ ቀላልም አይደሉም። የጋሞ ደጋ ሕዝቡ ብዙ፣ የቤተሰብ ማሳው ጠባብ ነው፤ ገበሬው ድንቹን፣ ገብሱን ወይም የጨንቻን ፖም ትቶ ለባቄላ መሬት ስጥ ቢባል መልሱ ይታወቃል። ነገር ግን ጥራጥሬ የሌላውን መሬት የግድ አይቀማም፤ በቆላው ቦሎቄ በበቆሎ መካከል ይዘራል፣ በደጋው ባቄላና አተር ከገብስ ጋር ይፈራረቃሉ፣ ተከታዩ ሰብልም ከተረፈው ናይትሮጅን ይጠቀማል። ይበልጥ የሚከብደው የአፈሩ አሲድነት ነው። በጨንቻ አካባቢ ያለው አፈር ዝናብ ያጠበው፣ አሲዳማ ነው፤ በእንዲህ ያለ አፈር ፎስፎረስ ይታሰራል፣ ራይዞቢየሙም ይሞታል። ባክቴሪያውን በከረጢት ገዝቶ ዘር ላይ መለወስ ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው፤ ኖራና ፎስፎረስ አብረው መምጣት አለባቸው። ሌሎች የፕሮቲን ምንጮችስ የሚል ቢኖር፣ የጫሞ ሐይቅ ዓሣ ግሩም ምግብ ነው፤ ይሁንና ሐይቁ ብዙ ተጠምዶበታል፣ ዓሣውም ለደጋው ቤተሰብ አይደርስም። ወተትና አይብ ላም ላለው ነው። በቆላው ሃሌኮ የሚሉት የሽፈራው ቅጠል ከበቆሎ ጋር በኩርኩፋ መልክ መበላቱ ከእህል ብቻ እጅግ የተሻለ ነው፣ ሊስፋፋም ይገባዋል፤ ዛፉ ግን የጨንቻን ብርድ አይችልም። ከባኮ የምርምር ማዕከል የወጣውን ቢኤችኪውፒ 542ን የመሰሉ ላይሲናቸው የተሻሻለ የበቆሎ ዝርያዎችም ለቆላው ይጠቅማሉ። ለደጋው የሚቀረው ባቄላና አተር ነው።

ባክቴሪያ በታንክ የማሳደግ ሙያ ለዚህም ያስፈልጋል፤ ሁለቱን መንገዶች የሚያገናኛቸው ይህ ነው። መናገሻ ባዮቴክ ኢንዱስትሪ የተባለው አገር በቀል ድርጅት ራይዞቢየምን እያባዛ ለገበሬ የሚሆን ሕያው ማዳበሪያ ያመርታል። ንጹሕ ዘር መለየት፣ ባዕድ ተሕዋስ እንዳይገባ መጠበቅ፣ ሙቀትና አየር መመጠን፣ ጥራት መመርመር ለላይሲን ፋብሪካም የሚያስፈልጉ ሙያዎች ናቸው። በራይዞቢየም የሚፈጸም ስሕተት ግን ጉዳቱ በአንድ ወቅት ምርት ላይ የሚወሰን ሲሆን፣ በላይሲን የሚፈጸመው በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር ያስከፍላል። የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የቆጮን ባክቴሪያዎች ለይቶ ማወቁ ጥሩ ጅማሬ ነው። ቀጥሎ መመርመር ያለባቸው በእንሰት ጓሮ አፈር ውስጥ የሚኖሩት ናቸው። የጨንቻን አሲድና ብርድ ችለው የሚኖሩ ራይዞቢየሞች ካሉ የሚገኙት እዚያው ነው፤ ኮርይኔባክቴሪየምም ቢሆን የተገኘው ከአፈር መሆኑን አንርሳ።

ፍርዴ ይህ ነው። የዞኑና የክልሉ ግብርና ቢሮዎች ለጋሞ ደጋ ኖራ፣ ፎስፎረስና ለአካባቢው የተመረጠ ራይዞቢየም ከባቄላና ከአተር ዘር ጋር በአንድነት ያቅርቡ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የቡላ ገንፎ ያለ ጥራጥሬ ዱቄት ለሕፃን እንዳይሰጥ ያስተምሩ፤ ዩኒቨርሲቲው ባክቴሪያ አሳዳጊ ባለሙያዎችን ያፍራ። የላይሲን ፋብሪካ ጉዳይ የአገሪቱ የዶሮ መኖ ገበያ አድጎ፣ መብራቱ የማይቋረጥ ሆኖ፣ ባለሙያው ሲገኝ በኦሞ ሸለቆ ሞላሰስ አጠገብ ይታይ፤ ከዚያ በፊት ገንዘብ ሊወጣበት አይገባም።